በሰሙነ ሕማማት የተቸነከረ በር

ጋሪው የዋንዛ ሚካኤልን ቁልቁለት ይወርዳል። ክንዱ የሚባለው ባለጋሪ ልጓሙን ወደ ኋላ እየሳበ “ቀስ፣ ቀስ በል ወንድሜ” እያለ ፈረሱን ያባብላል። ከኋላው መምሬ አድማሴ በአንድ እጃቸው የጋሪውን ጠርዝ ጨብጠው፣ በሌላው የጋቢያቸውን ጫፍ እልጃቸው ራስ ላይ ይጎትታሉ። መንገዱ ባንገጫገጫቸው ቁጥር ጋቢው ወደ ትከሻዋ ይንሸራተታል፤ እሳቸው መልሰው ይጎትቱታል።

“ሞቀኝ እኮ አባባ” አለች ፍሬሕይወት።

“ብርድ ነው ልጄ፤ ተሸፈኝ።”

ብርድስ አልነበረም። መስከረም ከጠባ ሰንብቷል። ጤፉ እሸት ይዞ ያረገርጋል፤ ፀሐይዋም በማለዳው ጀርባ ታሞቃለች። መምሬ የሸሹት የሰው ዓይን ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ግማሽ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ የሄደበት፣ መጨባበጥ ነውር የሆነበት፣ ምእመኑ ከአጥር ውጭ ተራርቆ ቆሞ ያስቀደሰበት ያ ክፉ ዓመት ካለፈ ገና ሳምንታት መሆኑ ነው። ወረርሽኙ ግን ከዓመቱ ጋር አላለፈም።

“መምሬ፣ ልጅቱን ወዴት ነው የሚያደርሷት?” አለ ክንዱ ዞር ሳይል።

“ቡሬ። ትምህርት ሊከፈት ነው ይላሉ። ላስመዘግባት ነው።”

“እሰይ። እጇንስ ምን ነካት? ታስሮ አየሁት።”

“ማጭድ ነው። ሣር ስታጭድ ቆረጣት።”

ፍሬሕይወት በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለውን ቀኝ እጇን ከጋቢው ውስጥ ከተተች። መምሬም ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ቁልቁለቱ ሳያልቅ ለባለጋሪው ሁለት ጊዜ ዋሽተዋል። ልጃቸውም ሁለቱንም ሰምታለች።

መምሬ አድማሴ የዋንዛ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ ናቸው። ድምፃቸው የታወቀ ነው፤ ለእሳቸው ቅዳሴ ከማዶ ቀበሌ ሳይቀር ይመጣል። የታመመ ሲኖር መስቀል አሳልሙልን ብለው የሚያመጡት ወደ እሳቸው ነው፤ የተጣላ የሚታረቀውም እቤታቸው ነው። ባለቤታቸው እማዋይሽ አራት ልጆች ወልዳላቸው ሦስቱን ድራለች። የቀረቻቸው የመጨረሻዋ ፍሬሕይወት ናት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ቡሬ ቤት ተከራይታ ስትማር ነበር ያ ነገር የደረሰው።

በግንቦት ከለይቶ ማቆያ ወጥታ እቤቷ ስትገባ፣ ከስታለች እንጂ ሌላ ነገር ያለባት አልመሰላቸውም። ቀን ቀን እናቷን ትረዳለች፤ ሲጠሯት ትመጣለች። ሲመሽ ግን በሩ ከተዘጋ እቤት ውስጥ አትቀመጥም። ወጥታ ጎተራው ሥር ቁርበት አንጥፋ ትተኛለች፤ ክረምቱ ሲገባም ዝናብ እያረፈባት እዚያው ታድር ነበር። አንድ ቀን እማዋይሽ ነጠላ በበረኪና ስታጥብ ሽታው የፍሬሕይወትን አፍንጫ ሲመታት አስታወካት፤ ከዚያም እንደ ድንጋይ ደርቃ ቆመች። ስሟን ቢጠሯት የምትሰማ አትመስልም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ደግሞ ጉዱ አደባባይ ወጣ። ታቦቱ ሲወጣ ካህናቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ብቅ አሉ፤ ፊት ፊት ጥና ይዘው የሚመጡት መምሬ አድማሴ ነበሩ። ፍሬሕይወት አባቷን አየቻቸው። ጮኸች። እልልታው በረደ። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሞክሩ እየተንፈራገጠች “አትውሰዱኝ! አልታመምሁም! አትውሰዱኝ!” አለች፤ ልብሷም ራሰ። ታቦቱን ፈርታ ነው፣ አንድ ነገር ለክፏታል፣ ለካስ በቄስም ቤት ይገባል ተባለ። መምሬ ይህን ሁሉ ሰሙ። ግሽ ዓባይ ወስደው ጠበል አጠመቋት። እሷም ያሏትን ሁሉ ፈጸመች፤ ጠጣች፣ ተጠመቀች፣ ጸለየች። ሲመለሱ ግን እንደገና ጎተራው ሥር ተኛች።

የዛሬውን ጉዞ ያመጣው የመስከረም ሚካኤል ማኅበር ነው። ተረኛው መምሬ ነበሩ። የደብሩ አገልጋዮችና የሰበካ ጉባኤው ሽማግሎች እቤታቸው ሊመጡ ሆነ። ልጅቷ ነጭ ለባሾቹን አይታ ደግሞ እንዳታዋርዳቸው ፈሩና፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ ጠርተው እጓዳ አስገቧት።

“እስኪሄዱ ብቻ ነው ልጄ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።”

“በሩን አይዝጉት እንጂ ዝም እላለሁ አባባ። በሚካኤል፣ አይዝጉት።”

“እሺ” አሉ። ከዚያም ዘጉት፤ መወርወሪያውንም ጣሉበት።

ጸበል ጸዲቁ ሳይባረክ መደብደቡ ተጀመረ። መጀመሪያ በመዳፍ ነበር፤ ቀጥሎ በጡጫ ሆነ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምሬ በዚያን ጊዜ ያደረጉት ነገር፣ ይኸው ዛሬ ጋሪ ላይ ሆነው እንኳ ፊታቸውን ያግለዋል። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ያ አገር የሚያወድሰው ድምፃቸው የልጃቸውን ጩኸት እስኪውጠው ድረስ ጸሎቱን ከፍ፣ ከፍ አድርገው አደረሱት። እንግዶቹ ሲሄዱ በሩ ተከፈተ። ፍሬሕይወት ጥፍሮቿ ተላልጠው፣ መዳፏ በበሩ ቆርቆሮ ተሰንጥቆ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ተገኘች።

እማዋይሽ የልጇን እጅ በነጠላዋ ቁራጭ አሰረች። አስራ ስትጨርስ ባሏን ቀና ብላ አየቻቸው። “ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ለእንዲህ ያለ ሕመም ሐኪም አለ አሉ። ወይ እርስዎ ይውሰዷት፣ ወይ እኔ በጀርባዬ አዝዬ በገበያ መካከል አልፋለሁ። ያኔ ጉዳችንን አገር ይየው።”

ቡሬ ሲደርሱ መናኸሪያው በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ተቀምጧል። እጃቸውን ታጠቡ፤ ማስካቸውን አደረጉ፤ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ፍሬሕይወት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መስታወቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሁለት የቆርቆሮ አጥሮች መካከል የሚገባ ጠባብ መንገድ አለ። ሚኒባሱ ሲወጣ በአፉ ነው የሚያልፈው። መምሬ እዚያ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ማየት ጀመሩ። ልጃቸውን በጎን ቢመለከቷት እሷም ዓይኗን ጨፍናለች። የጨፈነችው እዚያ ውስጥ ተከራይታው ስለነበረው ቤት ነው ብለው አሰቡ። የራሳቸውን ምክንያት ግን እሳቸው ብቻ የሚያውቁት መስሏቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነበር። ትምህርት ቤት በመጋቢት ሲዘጋ ለአሥራ አምስት ቀን ነው ተብሎ ነበርና ፍሬሕይወት እዚያው ቆየች። ኋላ የመኪና ጉዞ ተቋረጠ። ያከራየቻት ወይዘሮ አስካለ ማርያም ልጆቿ የራቋት፣ ጧፍ እያበጀች ለምእመን የምትሸጥ ባልቴት ነበረች፤ ሳል ጀምሯት ስለነበር “ብቻዬን አትተዪኝ” ብላ ለመነቻት። በዚህ ላይ ሾፌር ልጇ ከመተማ መጥቶ አንድ ሌሊት አድሮ ሄደ። ሰፈሩ ያን ጊዜ ተሸበረ።

መምሬ ይህን ሁሉ አያውቁም። ልጃቸውን ለበዓል ሊወስዱ በእግራቸው ነው የመጡት። እመንገዱ አፍ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ዱላ የያዙ የሰፈር ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው እግራቸው ሥር በረኪና ረጨ።

“ወዴት ነው አባ? ወዲህ አይታለፍም። እዚያ ቤት ኮሮና ገብቷል። የነካ ሁሉ አብሮ ይታሰራል።”

በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ መጨረሻ ቆርቆሮ ሲደበደብ ሰሙ። ቀጥሎም ድምፅ መጣ። “የሰው ያለህ! ኧረ ክፈቱልን!” የልጃቸው ድምፅ ነበር።

“ሰው አለዎት እንዴ እዚያ?” አላቸው ባለ ዱላው።

አንድ ሐሳብ በፍጥነት መጣላቸው። ስቅለት ከነገ ወዲያ ነው፤ ፋሲካ ደርሷል። እሳቸው ለይቶ ማቆያ ከገቡ የደብሩ ቅዳሴ ይታጎላል። እንዲህ ብለው አሰቡ፤ ግን የገታቸው ቅዳሴው አልነበረም። ሞትን ፈሩ። ሕይወታቸውን ሙሉ ሞት ላይ ቆመው ሲፈትቱ የኖሩት ሰው፣ የማይታይ ነገር ፈርተው ከገመዱ ራቅ አሉ።

“ማንም የለኝም” አሉ። “ጧፍ ልገዛ ነበር የመጣሁት።”

ዞረውም ሄዱ። ለምን ክፈቱልን እንደምትል፣ በሩን ማን እንደዘጋው አልጠየቁም። ለእማዋይሽ “ልጅቷን መንግሥት ለይቶ ማቆያ አስገብቷታል፤ መጠየቅ ክልክል ነው አሉኝ” አሏት። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሲቀድሱ ድምፃቸው ከምን ጊዜም ይልቅ አምሮ ነበር። ከአጥር ውጭ የቆመው ሰው ሁሉ አመሰገናቸው።

ሚኒባሱ ማንኩሳን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲገባ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ዋናው መንገድ በባጃጅና በጋሪ ተጨናንቋል። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው የሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ሲያነጣጥር ፍሬሕይወት ወደ ኋላ አፈገፈገች። መምሬ ክንዷን ይዘው “ኧረ በሰው ፊት!” ሲሉ አንሾካሾኩ። ወዲያውም ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳሏት ትዝ አላቸው።

የአእምሮ ሕክምና ክፍሏ ከግቢው ጥግ ናት። ተራቸው ሲደርስ የተቀበለቻቸው ሲስተር ውዳሴ የምትባል ቀጠን ያለች ነርስ ናት። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ወንበሯ ላይ ሰቅላዋለች። ወደ መምሬ ሳይሆን ወደ ልጅቷ ዞራ “በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ይሁን?” ስትል ጠየቀቻት።

ፍሬሕይወት እንደ መደንገጥ አለች። “ክፍት ይሁን።”

ሲስተር በሩን ከፍታ ድንጋይ አስደገፈችው። መምሬ ድንጋዩን አዩ። እንዲህ ያለ ድንጋይ እቤታቸው ደጃፍ ሞልቷል።

“አባትሽ እዚህ ይቀመጡ ወይስ ውጭ ይጠብቁ?”

ልጅቷ አሰብ አደረገችና “ይቀመጡ” አለች።

መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር ተጫወቱ። የትኛውን ትምህርት ትወጃለሽ፣ እንቅልፍስ? ፍሬሕይወት ባዮሎጂ እወዳለሁ አለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ወዲያው የቆርቆሮ ድምፅ እንደሚቀሰቅሳት፣ ስትነቃ ግን ድምፁ እንደሌለ ነገረቻት። ከዚያ ሲስተር ውዳሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “የቻልሽውን ያህል ብቻ ንገሪኝ። ሲያቅትሽ ማቆም ትችያለሽ” አለቻት።

ፍሬሕይወት የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተናገረች።

“ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አስካለ ትንፋሽ አጠራቸው። ሰው ልጥራ ብዬ በሩን ብገፋ እምቢ አለ። ዝናብ አሳብጦት ነው ብዬ ነበር። ኋላ ባየው የምስማሩ ጫፍ እንጨቱን በስቶ ወደ ውስጥ ወጥቷል። ከውጭ ነው የመቱት። ብጮህ፣ ‘ለጤና ጣቢያ ተደውሏል፣ ዝም በይ’ አሉኝ በአጥር። ውሃ አልቆብን ነበር። እትዬ ውሃ፣ ውሃ ይሉ ነበር።”

“ስንት ቀን ሆናችሁ?”

“ሐሙስ ነው የተከፈተው። ነጭ የለበሱ መጡ፤ ፊት የላቸውም። ሁሉን ነገር በረኪና ረጩ። እትዬን በላስቲክ ጠቅልለው ሲወስዷቸው ስማቸውን እንኳ አልጠየቁም። እኔንም ወሰዱኝ። በኋላ ምርመራው መጣና ኮሮና የለባቸውም፣ የሳንባ ምች ነው የገደላቸው አሉ።”

መምሬ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። በሩ መቸንከሩን አልነገረቻቸውም ነበር። እሳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም።

“ሐሙስ ነው የሞቱት?” አለች ሲስተር።

“ረቡዕ ማታ። ረቡዕ ቀን ሻል ብሏቸው ነበር እኮ፣ ያወሩኝ ነበር። ቀን ላይ...” ፍሬሕይወት አቆመች። ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ሲስተር እግሮቿን መሬት ላይ አጥብቃ እንድትረግጥ፣ ክፍሉ ውስጥ የምታየውን እየጠራች እንድትነግራት አደረገች። “ወንበር። መስኮት። ድንጋይ” አለች ልጅቷ፤ ቀስ በቀስም ትንፋሿ ተመለሰ።

“ቀን ላይ ሰው መጣ” ብላ ቀጠለች። “በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው ያየሁት። ጥምጣም አድርጓል፤ ጃንጥላ ይዟል። ‘እትዬ፣ መጡልን!’ አልኋቸው። እሳቸውም ‘ተመስገን’ ብለው ቀና ሊሉ ሞከሩ። ጮህሁ። ሰውየው ቆሞ ሰማ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።”

መምሬ ጀርባቸው ከወንበሩ ጋር የተሰፋ መሰላቸው።

“ለእትዬ ምን አልሻቸው?”

“‘ሰው ሊጠራ ሄደ’ አልኋቸው። እሱን እየጠበቁ ሞቱ።”

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ሲስተር “ሰውየውን ታውቂዋለሽ?” አለች።

ፍሬሕይወት ግድግዳውን አየች። ወደ አባቷ አልዞረችም። ጆሮዋ ግን ቀላ፤ እንዲህ የሚቀላው ስታፍር ብቻ እንደሆነ መምሬ ከልጅነቷ ያውቃሉ።

“አላውቀውም” አለች። “ሩቅ ነበር።”

መምሬ ተነሡ። “ውሃ... ውሃ ልጠጣ” ብለው ወጡ።

ግቢው ውስጥ ካለች ግራር ሥር ሄደው ቆሙ። ታውቃለች። በግንቦት እቤት ስትገባ ጉልበታቸውን የሳመችው፣ ጠበል ሲወስዷት ያላመነታችው፣ እጓዳ ሲያስገቧት “አይዝጉት” ብቻ ብላ የለመነችው እያወቀች ነው። ይኸው አሁንም፣ በማታውቃት ሴት ፊት፣ ሸፈነቻቸው። እሳቸው በሰው ዓይን እንዳይዋረዱ እሷን በጋቢ ሲሸፍኑ ነው የዋሉት። እሷም ሸፈነቻቸው፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

አንዲት በሽተኛ የምታስታምም አሮጊት ወደ እሳቸው መጥታ ጎንበስ አለች። “አባቴ፣ መስቀል ያሳልሙኝ። ልጄ ተኝቶብኛል።”

መምሬ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደዱ። መስቀሉን ጨበጡት፤ ሊያወጡት ግን አልቻሉም። “ይቅር በይኝ እናቴ” አሉ። “ሌላ ካህን ፈልጊ። እኔ ዛሬ... አልተዘጋጀሁም።” አሮጊቷ ግራ ገብቷት ሄደች። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ልጅቷ ራሷ በሩን ዘግታላቸዋለች። እሳቸው የሚጠበቅባቸው ከውጭ መቆም ብቻ ነው። ይህን ሲያስቡ ደግሞ ያ ረቡዕ ሙሉውን ተመልሶ መጣባቸው። ያን ጊዜም ከውጭ ነበር የቆሙት፤ የተፈለገባቸው ግን ያን መንገድ ሄዶ በሩ ላይ መድረስ ብቻ ነበር።

ተመልሰው ገቡ። አልተቀመጡም። ጥምጣማቸውን ከራሳቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ያ ሰው እኔ ነኝ” አሉ።

“አባባ፣ ይተዉት” አለች ፍሬሕይወት ፈጠን ብላ። “ሩቅ ነበር አልኋት እኮ።”

“ሩቅ አልነበረም ልጄ። ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ለይቼዋለሁ። የቆሙት ሰዎች ‘ሰው አለዎት ወይ’ ብለው ጠየቁኝ።” እዚህ ላይ ድምፃቸው፣ ያ የታወቀው ድምፃቸው፣ ተሰበረ። “ማንም የለኝም፣ ጧፍ ልገዛ ነው የመጣሁት አልኋቸው።”

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ትክ ብላ አየቻቸው።

“ጧፍ?” አለች።

“ጧፍ።”

“ይኸን አላወቅሁም ነበር።” የታሰረ እጇን በሌላው ጨበጠችው። “እኔ... ‘ልጄ ናት፣ አሳልፉኝ’ ብለው ለምነው፣ ከልክለውዎት የተመለሱ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት እንደዚያ እያልሁ ነው የምተኛው። ሰው ሁሉ ደግሞ የሚያከብርዎት... ያየሁትን ብናገር ያፍሩብዎታል ብዬ ለእማማ እንኳ አልነገርሁም። እኔ ነበርሁ የማፍረው አባባ። በእርስዎ ፈንታ እኔ አፍር ነበር።”

መምሬ ይቅር በዪኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ግን ስንት ሺህ ጊዜ ለሰው ያስተማሩት ቃል ነበርና አሁን አንደበታቸው ላይ ቀለለባቸው። እንባቸው ብቻ ወረደ።

ሲስተር ውዳሴ ለልጅቷ ውሃ ቀዳችላት። “ዛሬ ምንም ልትመልሺላቸው አትገደጂም” አለቻት። “ይቅር ማለትም ሆነ አለማለት የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። ጊዜ አለሽ።” ከዚያ ወደ መምሬ ዞረች። “ልጅዎ አላበደችም አባ፤ አልተለከፈችም። ያን ያህል ፍርሃት የደረሰበት ሰው፣ ነገሩ ቢያልፍም ሰውነቱ እንዳለፈ አያምንም። ሽታው፣ ነጩ ልብስ፣ የተዘጋ በር ሁሉ እዚያው ይመልሷታል። ከወረርሽኙ ወዲህ እንደሷ ያሉ ብዙ ልጆች ይመጡብኛል። ይሻላታል፤ ግን ቶሎ አይሆንም። በየሳምንቱ ያምጡልኝ። ጠበሉንም ከፈለገች ትጠመቅ። ማንም ግን በር አይዝጋባት።”

“እጇን ለሰው ማጭድ ነው ብያለሁ፤ ማጭድ አይደለም የቆረጣት” አሉ መምሬ። “እኔ ነኝ የዘጋሁባት። የማኅበር ዕለት።”

“አውቃለሁ” አለች ሲስተር። “ጥፍሮቿን አይቻለሁ፤ የበር ቁስል ለይቼ አውቃለሁ።”

የእጇን ቁስል አሳጥበው ሲወጡ ከሰዓት ሆኗል። ወደ ቡሬ የሚመለስ ሚኒባስ ያዙ። ፍሬሕይወት መስኮቱን ከፍታ ነፋሱ ፊቷን ይመታት ነበር። ጋቢውን መምሬ ራሳቸው አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ቡሬ መናኸሪያ ሲወርዱ ወደ ጋሪ ተራው ሊያመሩ ሲሉ ልጅቷ ቆመች።

“አባባ።”

“ወዬ።”

“እዚያ በር ድረስ ይሂዱልኝ።”

ወዴት እንደሆነ አልጠየቁም። ወደ ጠባቡ መንገድ መሯት። አሁን ገመድ የለም፤ ዱላ የያዘ ሰው የለም። ልብስ የተሰጣበት አጥር ሥር ዶሮ ትጭራለች። ፍሬሕይወት እመንገዱ አፍ ላይ፣ እሳቸው ያን ቀን የቆሙባት ቦታ ላይ ቆመች። “እኔ እዚህ ነኝ” አለች። “እርስዎ ይሂዱ።”

መምሬ ሄዱ። መንገዱ አጭር ነበር። ያን ያህል አጭር መሆኑን እስከዛሬ አያውቁም ነበር። ሲራመዱ አንድ ሁለት ሰዎች ከየአጥሩ ብቅ ብለው አዩዋቸው፤ ከመካከላቸው ያን ቀን የነበረ ይኑር አይኑር መለየት አልቻሉም። በሩ ያው የእንጨት በር ነው። ከዳርና ከዳሩ የምስማር ቀዳዳዎች አሉበት፤ አንድ ሰው በጭቃ ሊደፍናቸው ሞክሮ ነበር። መምሬ በጣታቸው ነኩት። ከዚያ አንኳኩ።

ሕፃን ያዘለች ሴት ከፈተችላቸው። በእጃቸው ከያዙት ጥምጣም ካህን መሆናቸውን አውቃ ነጠላዋን አስተካከለች። “ይግቡ አባ። ማንን ፈልገው ነው?”

“ልጄን” አሉ መምሬ አድማሴ። “ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። እዚህ ተከራይታ የምትማር።”

ከጎረቤት አጥር ጀርባ የነበረው ጫጫታ ጸጥ አለ።

“እዚህ እንኳ ተማሪ የለም አባ” አለች ሴትዮዋ እያዘነችላቸው። “እኛ ከሐምሌ ወዲህ ነው የገባነው። ተሳስተው እንዳይሆን።”

“አልተሳሳትሁም። ቤቱ ይኸው ነው” አሉ። “የዘገየሁት እኔ ነኝ።”

መምሬ እጅ ነሥተዋት ዞሩ። በዚያኛው ጫፍ ልጃቸው አለች። እሳቸው ሲሄዱ፣ ሲያንኳኩ፣ ሲናገሩ ሁሉ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። መንገዱን እየተመለሱ ሲቀርቧት ፊቷ ረጥቦ አዩ።

“ምን አሉዎት?” አለች።

“የለችም አሉኝ።”

ፍሬሕይወት በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ በሩን አየችው። ሴትዮዋ አልዘጋችውም፤ ውስጥ ያለው ብርሃን ይታያል።

“አዎ፣ የለሁም” አለች። ፊቷን በደኅነኛው እጇ ጠረገች። “እንሂዳ። እማማ ትጠብቃለች።”

ቀደም ብላ መራመድ ጀመረች። መምሬ አድማሴ ጥምጣማቸውን እንደያዙ ከኋላዋ ተከተሏት።